«አለት ነው» ያለው ሰው

በማዘጋጃ ቤቱ የቅየሳ ክፍል ውስጥ ምሰሶ የሚባል ሰው ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከሠራተኛ መዝገብ በቀር የሚጠራው አልነበረም። ምሰሶ ያሰኘው ሥራው ነው። ሥራው መቆም ነበር። ልብ በሉ፣ ቆሞ መሥራት አላልኩም፤ መቆም ነው ያልኩት። ቀያሹ መሣሪያውን በሦስት እግሩ ተክሎ በመነጽሩ ሲመለከት፣ ምሰሶ ከማዶ ሆኖ ቁጥር የተጻፈበትን የአራት ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ዘንጉ ትንሽ ካዘመመ ቁጥሩ ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ መንገዱ ውሃ ያቁራል፣ ቱቦውም ፍሳሹን ወደመጣበት ይመልሳል። ስለዚህ ነፋስ ቢነፍስ፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ፣ የታክሲ ሾፌር ከኋላው ጥሩንባ እየነፋ ቢሰድበው፣ ምሰሶ ወይ ፍንክች! ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ቆመ። የሥራ ባልደረቦቹ «አንተስ ስትሞትም ቆመህ ነው የምትቀበረው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም «ቦታ እንዳላጣብብ ነዋ» ይላቸዋል።

ጨዋ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሥራ ተቋራጭ ጠጋ ብሎ «ዘንጉን ለአንዲት ደቂቃ ዘንበል ብታደርግልኝ ምን አለበት?» ብሎት፣ ምሰሶ እንዳልሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ሰውየው ደጋግሞ ሲለምነው ጊዜ «እኔ አልዘምም ጌታዬ፤ አንተ ግን ከዚህ ዘወር በል፣ መስመር ላይ ቆመሃል» አለው። ይህን የምነግራችሁ ላሞግሰው ብዬ አይደለም። የኋላው ነገር እንዲገባችሁ ብዬ ነው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ሥሩ ደግሞ አንዲት የነሐስ ችንካር ነች። በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ግቢ፣ በብረት ክዳን ሥር ተቀብራለች። በከተማው ውስጥ ይህ መንገድ ከዚያኛው በዚህ ያህል ከፍ ይላል፣ ያ ድልድይ ከወንዙ በዚህ ያህል ይርቃል የሚባለው ሁሉ ከእሷ ተነሥቶ ነው። እሷ ካልተንቀሳቀሰች የሚለካው ሁሉ እውነት ነው። እሷ ከተንቀሳቀሰች ግን የሚለካው ሁሉ አብሯት ይዋሻል። ለዚህ ነው ጉድጓዱ አለት እስኪገኝ ተቆፍሮ፣ ችንካሯ አለቱ ላይ በሲሚንቶ ትተከል የተባለው። ያስተከላት አሁን በሕይወት የሌለው አለቃ ቀያሽ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ምሰሶ ነው።

ምሰሶ የሚኖረው ከአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ ወንዙ ዳር ባለው ታችኛው ሰፈር ነው። ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመት አልፏል፤ ከአንዲት ልጁ ጋር ነው። ሰፈሩ ደግሞ ቅሬታ አያጣም። በሩ አልዘጋ አለኝ የሚል፣ ግድግዳዬ ተሰነጠቀ የሚል፣ ድሮ በደጄ ያልፍ የነበረ ጎርፍ አሁን ሳሎኔ ገባ የሚል ሞልቷል። ማዘጋጃ ቤቱ እዚያው አካባቢ ካስቆፈራቸው የውሃ ጉድጓዶች ሌት ተቀን ውሃ ይስባል፤ ከሥሩ ውሃ የተመጠጠ አፈር ደግሞ ይኮማተራል፣ ላዩ ያለውም አብሮት ይወርዳል። ሰዎቹ ይህን ሰምተው «አንተ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነህ፤ እየሰመጥን ነው እንዴ?» እያሉ ይጠይቁታል። እሱም ደረቱን ነፍቶ «ዘንጉን የያዝኩት እኔው ራሴ ነኝ! በየዓመቱ ተለክቷል፣ ንቅንቅ አላለም። ቤታችሁ ነው ያረጀው» ይላቸዋል። ያምኑታል። ምሰሶን ያላመኑ ማንን ሊያምኑ ነው?

ከሁሉ ይልቅ ያመነው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቤቱን ሸጦ ተራራው ሥር ወዳለው ወንድሙ ዘንድ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። ከመሸጡ በፊት ምሰሶን ጠየቀው። ምሰሶ «የት ትሄዳለህ፤ መሬቱ እንደሆነ ደህና ነው» አለው። ልብስ ሰፊው ሐሳቡን ቀየረ፤ ቤቱ ላይ ፎቅ ጨመረና ልጁን ዳረና እዚያ አስገባው።

በዚያ ዓመት ሦስት ትልልቅ ከተሞች አንድ የፋብሪካ መንደር ለማግኘት ይፎካከሩ ነበር። መንደሩ አርባ ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። ጭስ የለውም፣ ሠራተኛው በባቡር ይመላለሳል፣ ያገለገለውን ውሃ አጣርቶ ለወንዙ ይመልሳል ተባለ። እንደ ጡብ የወፈረ ሰነድ ተዘጋጀ፤ ሽፋኑ ላይ «ተወዳዳሪ ከተማ፣ ዘላቂ ዕድገት» የሚል ተጽፎበታል። የታሰበው ቦታ ከታችኛው ሰፈር ቀጥሎ ያለው ሜዳ ነው። አሥራ ሁለት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ይቆፈሩለታል። ፕሮጀክቱን በገንዘብ የሚደግፉት ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ እስከ ዛሬ በተሳበው ውሃ መሬቱ አለመስመጡን አሳዩን፤ ካሳያችሁ ይቆፈር። የቅየሳ ክፍሉ ኃላፊ እጁን አፋተገ። የሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ያለው የትኛው ከተማ ነው? መዝገቡ ደግሞ ከዓመት ዓመት አንድ ቃል ነው የሚናገረው፤ አልሰመጠም።

ምሰሶም አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ልጁ የስፌት መኪና ጥገና ተምራ ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራ አላገኘችም። ለፋብሪካው መንደር ስም ሲመዘገብ ከንጋት ጀምራ ተሰልፋ አሥራ ሰባተኛ ሆና ተመዘገበች። «አባዬ፣ ከአርባ ሺህ አሥራ ሰባተኛ ከሆንኩ አያልፈኝም አይደል?» ትለዋለች። «ያንቺ ነገር አለቀ» ይላታል።

የሰነዱ ፊርማ ነገ ሊሆን ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ኢንጂነሯ ምሰሶን ወደ መዝገብ ክፍል አስጠራችው። ኢንጂነሯ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው፤ ልጅ እግር ነች፣ ግን ነገር አይለቃትም። ከትልቁ መዝገብ ይልቅ ቀያሾች ሜዳ ላይ በእርሳስ የጻፉባቸውን አሮጌ ደብተሮች ጠረጴዛ ሙሉ ዘርግታለች።

«ጋሼ፣ ተራራ ያድጋል እንዴ?» አለችው።

ምሰሶ ሳቀ። «በዚህ ከተማ ያለ ልክ ያደግሁት እኔ ብቻ ነኝ» አላት።

እሷ ግን አልሳቀችም። «ተራራው ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ደረቅ ድንጋይ ላይ ነው የተሠራው። በደብተሮቹ መሠረት በየዓመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በሠላሳ አንድ ዓመት አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር አድጓል! ኃላፊዎቹ በየዘመናቸው ‹የመሣሪያ ስሕተት› ብለው ትልቁ መዝገብ ላይ አስተካክለውታል። ስሕተት ደግሞ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይላል እንጂ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ አይቼ አላውቅም።» አንዱን ደብተር ወደ እሱ ገፋ አደረገችና «ወይ ተራራው እያደገ ነው፣ ወይ ችንካራችን ከነሰፈሩ እየወረደ ነው» አለች።

ምሰሶ ዓይኑን ወደ ደብተሮቹ መለሰ።

«የሟቹ አለቃ ማስታወሻ ‹አለት፤ ሁለት ሜትር ከሰባ› ይላል» ብላ ቀጠለች። «የቆፈሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። አለት ነው አይደል፣ ጋሼ?»

«አለት ነው።»

«በዓይንዎ አይተውታል?»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አለት ነው!»

ኢንጂነሯ ደብተሩን ዘጋች። «ይቅርታ ጋሼ፤ እርስዎን ለመጠራጠር አይደለም። እንግዲያው ያልገባኝ ሌላ ነገር ይኖራል። ነገ መዝገቡ ትክክል ነው ብዬ እፈርማለሁ» አለችው።

ምሰሶ ሽምጥጥ አድርጎ ክዶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺ ቃል መጀመሪያ የወጣችው ግን ዛሬ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የቀን ሠራተኛ ነበር። አለቃ ቀያሹ «ጉድጓዱን እስከ ዓርብ አለት ካደረስክልኝ በቋሚነት አስቀጥርሃለሁ» ብሎታል። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጉድጓዱ ከራሱ በላይ ነው፤ እጁ ቆስሏል፣ ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል። ዲጂኖውን ቢወረውር ድንጋይ መታ። አለቃው ከላይ ሆኖ «ደረስክ?» አለ። ምሰሶ ድንጋዩን ደግሞ መታው። አለት ሲመታ ዲጂኖው ይነጥራል፣ ክንድ ድረስ ያነዝራል። ይኼኛው አላነዘረም፤ ድው አለ እንጂ። በእግሩ ቢጫነው ደግሞ እንደ ልቅ ጥርስ ጥቂት ተነቃነቀ። ምሰሶ ይህን አወቀ። ዓርብ መሆኑንም አወቀ። «አለት ነው!» ብሎ ጮኸ። አለቃው ወፍራም ሰው ነበር፤ መሰላል ወርዶ ሊያይ አልፈለገም። «ጎበዝ!» አለው፤ ሲሚንቶው ወረደ።

በዚያች ቃል ሥራ አገኘ። ሥራ በማግኘቱ ሚስት አገባ፣ ቤት ሠራ፣ ልጅ ወለደ። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ነስታው ነበር። «ለአለቃው ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ» ሲል አለቃው ሞተ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ በየዓመቱ አልተንቀሳቀሰም ሲል፣ ምሰሶም «እንግዲያስ አለት ነበር ማለት ነው» ብሎ ራሱን አሳመነ። ወይ ሞኝነት! መዝገቡ ችንካሯን አመነ፣ እሱ መዝገቡን አመነ፣ ሰፈሩ እሱን አመነ።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲደርስ ልብስ ሰፊው መሰላል ላይ ወጥቶ የጎን ግድግዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ይደፍናል። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው፤ ሲደፍነው ሦስተኛው ነው።

«ጎረቤት! ደህና ዋልክ?» አለው ከላይ። «ቤት እንደ ሰው ያረጃል ለካ። መሬቱስ ደግነቱ ደህና ነው።»

«ደህና ዋልክ» አለ ምሰሶ።  ከፎቁ ላይ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ የልብስ ሰፊው ምራት ከወለደች ገና ሃያ ቀኗ ነው። አሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ሲጨመሩ ያ ስንጥቅ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ምሰሶ ፈራ። ሥራውን ማጣት ፈራ፤ ልጁን ፈራ፤ ከሁሉም በላይ የዚህን ሰውዬ ዓይን ፈራ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ስብሰባው አዳራሽ ምሰሶ ተጠራ። ለካ ኃላፊው ፕሮጀክቱን ለሚደግፉት እንግዶች ሊያሳየው ኖሯል። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ያ ጡብ የሚያህል ሰነድ፤ የፊርማው ገጽ ተከፍቷል።

«ይኸውላችሁ» አለ ኃላፊው በኩራት፤ «የዚህ መዝገብ እያንዳንዱ ቁጥር በዚህ ሰው እጅ ያለፈ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አልዘመመም!»

ተጨበጨበለት። ኢንጂነሯም አጨበጨበች። ምሰሶ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። 

«አለት አይደለም» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ኃላፊው።

«ችንካሯ ያለችው አለት ላይ አይደለም። እኔ ነኝ የቆፈርኩት፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ልቅ ድንጋይ ነው። ከሰፈሩ ጋር አብራ እየወረደች ነው፤ ለዚህ ነው አልተንቀሳቀሰም የምትለን። ትላንትም ኢንጂነር ጠይቃኝ ዋሽቻታለሁ።»

 ኢንጂነሯ እስክሪብቶዋን ከደነችና ወደ ጎን አስቀመጠችው። ከእንግዶቹ አንዱ ሰነዱን አጠፈው፤ ፊርማው ለሌላ ጊዜ ተባለ።

ኃላፊው ምሰሶን ኮሪደር ላይ ያዘው። ፊቱ ፍም መስሏል። «ምነው አንድ ቀን ብቻ ዝም ብትል? ሌሎቹ ከተሞች አይሰምጡም መሰለህ? አይለኩትም እንጂ! አሁን አርባ ሺህ ሰው ሥራ የሚያጣው ባንተ አፍ ነው።»

«እነሱ ሳይለኩ ይዋሹ ይሆናል፤ እኛ ለክተን ነው የዋሸነው» አለ ምሰሶ። «የኔ ልጅም ካርባ ሺሁ አንዷ ናት፣ ጌታዬ።»

የችንካሯን ጉድጓድ እኔ ልክፈተው ብሎ ለመነ። ኢንጂነሯ ሁለት ወጣት ሠራተኞች ብትሰጠውም አካፋውን አልለቀቀም፤ አምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሁለት ቀን ፈጀበት። ድንጋዩ ተገኘ፤ ከፍራሽ አይበልጥም። በጎኑ ዲጂኖ ቢሰድዱ እስከ እጀታው ሰመጠ። ከሥሩ የወጣው ጥቁር የወንዝ ጭቃ ነበር። ኢንጂነሯ ጭቃውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ «ያን ዕለት ስጠይቅዎት ቢነግሩኝ ኖሮ በሰው ፊት አይዋረዱም ነበር፣ ጋሼ» አለችው። «በሰው ፊት ይሻላል፤ የሰማኝ ሰው በዛ» አላት።

ቀጥሎ መነሻውን ተራራው ላይ፣ እውነተኛው አለት ላይ አድርገው ከተማውን እንደ አዲስ ለኩት። ዘንጉን ይዞ የቆመው ምሰሶ ነው፤ የመጨረሻ ሥራው እሱ ሆነ። ተራራው አላደገም። ችንካሯ አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር ወርዳለች፤ ታችኛው ሰፈርም እንዲሁ። አሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ተሰረዙ። ነባሮቹም በየተራ ይዘጉ ተባለ። የፋብሪካው መንደር ወደ ተራራው ወገብ ወጥቶ፣ የተጣራ የከተማ ፍሳሽ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ እንደገና ይነደፍ ተባለ፤ ይህ ቢፈጥን ሁለት ዓመት ይወስዳል። እስከዚያው ከተፎካካሪዎቹ ከተሞች አንዱ የፋብሪካውን መንደር ግማሹን ወሰደ። ምሰሶ በጡረታ ተሸኘ፤ ታስቦለት የነበረው የምስክር ወረቀት ቀረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ መቅረቱ ተገቢ ነው፤ እሱም ቅር አላለውም።

ልጁ ሁለት ቀን አላነጋገረችውም። በሦስተኛው ቀን «ቤታችን ስንት ወረደ?» አለችው። ነገራት። «እና ከዚህ የምንወጣው መቼ ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ፋብሪካው አላነሣችም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ይቀረዋል። ሰፈሩ ወሬውን ሰምቷል፤ ማን እንደዋሸ ግን ገና አልሰማም። ቅዳሜ ጠዋት ምሰሶ ከፎቁ ሥር ወዳለው የልብስ ሰፊው ሱቅ ገባ። ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ አቀርቅሮ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋል። ምሰሶ አልተቀመጠም። ከዓርቡ ጉድጓድ ጀምሮ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር ነገረው። «‹አትሂድ፣ መሬቱ ደህና ነው› ያልኩህ እኔ ነኝ። ፎቅ ያሠራሁህ እኔ ነኝ» ብሎ ጨረሰ።

ልብስ ሰፊው እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣ፤ መኪናው ቆመ። ይጮህብኛል ብሎ ምሰሶ ጠበቀ። ቢጮህበት ደስ ባለው ነበር። ልብስ ሰፊው ግን መሳቢያውን ስቦ ሦስት የጨርቅ ሜትሮች አወጣና ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው።

«እዚህ የወንዙ ድልድይ እግር ላይ ቀይ መስመር አለ፤ የጎርፍ ምልክት» አለ። «ድልድዩ እግሩ ጥልቅ ነው፣ አይነቃነቅም ሲሉ ሰምቼ ነበር። በየዓመቱ ከመሬት እስከ መስመሩ እለካለሁ። ፎቁን የሠራሁ ዓመት ዘጠና ሁለት ነበር። ከዚያ ዘጠና ሰባት ሆነ። ከዚያ መቶ ሁለት። ዘንድሮ መቶ ስምንት።»

«ታውቅ ነበር?» አለ ምሰሶ።

«ምን አውቃለሁ! አንተ በየዓመቱ ንቅንቅ አላለም ትለኛለህ። አንተ በመንግሥት መሣሪያ ነው የምትለካው፤ እኔ በልብስ ሜትር። እንግዲህ ጨርቅ ነው፣ ላብ አሳጥሮት ይሆናል አልኩና ሌላ ገዛሁ። እሱም ሲዋሽብኝ ሌላ ገዛሁ። ይኼ ሦስተኛው ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «አንተን አንድም ቀን አልጠረጠርኩህም፤ ሜትሬን ነው የጠረጠርኩት።»

ምሰሶ አፉን ከፍቶ ይቅርታ ሊል ሞከረ፤ ቃሉ እንባ ሆነ። ልብስ ሰፊው እሱን አላየውም። ተነሥቶ በጓዳው በር ወጣ፣ ደረጃውን ሲወጣ የእግሩ ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያም ምራቱን «ልጁን አቅፈሽ ውረጂ፤ አሁኑኑ፣ ልጄ፣ ምንም አትጠይቂኝ» ሲላት ተሰማ። ምሰሶ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና አልጋውን ለማውረድ ሊያግዝ ተከትሎት ወጣ።